አንደኛ ክፍል የተመለስኩበት ዓመት

ባለፈው ወር የአክስቴን ለቅሶ ልደርስ አገር ቤት ሄጄ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ከለቀስተኛው ተነጥዬ በትምህርት ቤቱ አጥር በኩል ሳልፍ፣ ሦስት ሰዎች ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው ጭቃ ሲረግጡ አየሁ። የአንደኛ ክፍልን ግድግዳ እንደገና ሊመርጉ ነው። ጭቃው ከጭድ ጋር ተለውሶ ብዙ ቀን የቦካ ነበር፤ ሽታው ኮምጠጥ ብሎ እርሾም በረትም ይመስላል። አፍንጫዬ ገና ሲያገኘው እግሬ ቆመ። አሥራ አንድ ዓመት ሲሆነኝ፣ እዚያው ክፍል ውስጥ፣ ያንን ሽታ እየማግሁ አንድ ሙሉ ዓመት ተቀምጫለሁ። ሰው ልጅነቱን ሲያስታውስ ጨዋታው ይመጣበታል ይባላል። እኔ ያን ዓመት ሳስበው የሚመጣብኝ ድካሙ ነው።

ያን ዓመት መግባት የነበረብኝ አምስተኛ ክፍል ነበር።

ሰፈራችን ከደብረ ታቦር የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ነው፤ ቀና ሲሉ ጉና የሚታይበት፣ ገብስና ድንች የሚበቅልበት ብርዳም አገር። አራተኛ ክፍልን ሁለተኛ ወጥቼ ጨርሼ፣ ክረምቱን ሙሉ አምስተኛን ስጠብቅ ከረምኩ። አምስተኛ ክፍል ለየትምህርቱ የተለያየ አስተማሪ ይገባል ሲባል ሰምቻለሁ። አንዱ ወጥቶ ሌላው እስኪገባ ልጆቹ ብቻቸውን ይቀመጣሉ አሉ። ያቺ አስተማሪ የሌለባት ትንሽ ጊዜ ምን እንደምትመስል ለማየት ጓጉቼ ነበር። ደብተሮቼን አባዬ ከከተማ ባመጣው አሮጌ ጋዜጣ ለብጬ «ዝናሽ ደርሶ፣ 5ኛ ክፍል» ብዬ ጽፌባቸዋለሁ።

ታናሽ እህቴ ባንቻየሁ ያን ጊዜ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በሁለት ዓመቷ ብርቱ ትኩሳት ያዛት፤ ትኩሳቱ ሲለቃት ጆሮዋን ይዞት ሄደ። ሁለት ቦታ ጸበል ተወሰደች፤ አልሆነም። ስለማትሰማ መናገሩም ቀረባት። ሰፈሩ በስሟ አይጠራትም፣ «ዱዳዋ» ነው የሚላት። እኔና እሷ ግን በእጃችን እናወራ ነበር። ማንም አላስተማረንም፤ አብሮ ከመዋል የመጣ ነው። እማዬ ማለት ግንባር ላይ በጣት የሚሠራ መስቀል ነው፣ ንቅሳቷ። አባዬ ማለት ጉንጭ ላይ የሚሰመር ጠባሳ። ላም በሁለት ጣት ቀንድ ማውጣት ነው። እማዬና አባዬ ከዚህ ጥቂቱን ያውቃሉ፤ ነገሩ ሲረዝምባቸው «ዝናሽ፣ ምን እያለች ነው?» ብለው እኔን ይጠራሉ።

ሐምሌ ላይ እማዬ ድንች ልትሸጥ ደብረ ታቦር ቅዳሜ ገበያ ስትሄድ ባንቻየሁን አስከትላ ነበር፤ እዚያ ከእጇ ጠፋችባት። እማዬ ድንቹን ጥላ ቀኑን ሙሉ ገበያውን ስታካልል ዋለች። ወደ ማታ ፖሊስ ጣቢያ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ አገኘቻት። ዳቦ ሰጥተዋታል፤ አልነከሰችውም፣ በሁለት እጇ እንደ ያዘችው ነው። ፖሊሱ «ስምሽ ማነው? የማን ልጅ ነሽ?» እያለ ቢጮህባት ቢለምናት፣ አፍ አፉን ስታይ ነው የዋለችው።

እማዬ ያን ዕለት ቤት ገብታ ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ፣ «ይቺ ልጅ ስሟን መጻፍ ትማራለች» አለች።

«በምን ጆሮዋ?» አለ አባዬ።

«በእጅ እንጂ በጆሮ ይጻፋል እንዴ?»



መስከረም ላይ ከእማዬ ጋር ሦስታችን ትምህርት ቤት ሄድን፤ እኔ ለአምስተኛ፣ ባንቻየሁ ለአንደኛ ልንመዘገብ። ዲሬክተሩ ለእማዬ ወንበር ሳበላት፤ እሷ ግን አልተቀመጠችም።

«እትዬ እናኑ፣ ልጅቱን ጠልቼ እንዳይመስልዎ» አላት። «እዚህ ለእሷ የሠለጠነ አስተማሪ የለንም። አንደኛ ክፍል ስድሳ ልጅ ነው ያለው፤ አስተማሪዋ ለየትኛው ትድረስ? እንደ እሷ ላሉት ልጆች ያለው ክፍል ደብረ ታቦር ነው። ልዩ ፍላጎት ይባላል።»

«ደብረ ታቦር ማን አለኝ ጌታዬ? ዕለት ዕለት ሦስት ሰዓት ሄዳ ሦስት ሰዓት ትመለስ?»

«እሱማ ልክ ነዎት።»

«ታዲያ?»

ዲሬክተሩ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አንከባለለ። እኔ «ልዩ ፍላጎት» የሚባል ነገር ስሰማ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው። ልጆቹን በተራ አስቀምጠው «አንቺስ፣ ልዩ ፍላጎትሽ ምንድን ነው?» እያሉ የሚጠይቁበት፣ የጠየቁትንም የሚሰጡበት ክፍል መሰለኝ። ባንቻየሁን ቀናሁባት።

ጥግ ላይ ጠመኔ ታስተካክል የነበረችው የአንደኛ ክፍል አስተማሪዋ ቲቸር አስካለ ቀና አለች። «አጠገቧ ሆኖ የሚያስረዳት ሰው ካለ እኔ እቀበላታለሁ» አለች። ከዚያ ዓይኗ እኔ ላይ አረፈ። «ይቺ አይደለችም እንዴ በእጇ የምታናግራት?»

«ይቺማ አምስተኛ ናት» አለ ዲሬክተሩ።

እማዬ መሬት መሬቱን ታያለች።

«በቃ፣ ለጊዜው» አለ ዲሬክተሩ። «ለጊዜው እህቷ አጠገቧ ትቀመጥ።»

«ለጊዜው» የምትለዋን ቃል ከአባዬ አውቃታለሁ። ከጎረቤት ማጭድ ሲዋስ «ለጊዜው ነው» ይልና በሦስተኛው ቀን ይመልሳል። እንግዲያው ሦስት ቀን ነው አልኩ በልቤ። ደብተሮቼን እንደተለበጡ ቤት አስቀምጬ አንደኛ ክፍል ገባሁ።

ክፍሉ ክረምት ዝናብ አፍርሶት እንደገና የተመረገ ነበር። ግድግዳው ገና አልደረቀም፤ ጠዋት ስንገባ ብርዱና ሽታው አንድ ላይ ይቀበሉናል። አግዳሚው ለስድስትና ለሰባት ዓመት ልጆች የተሠራ ስለሆነ ጉልበቴ አገጬ ሥር ይደርሳል። ትንንሾቹ ረዳት አስተማሪ መስያቸው «ሽንት ቤት ልሂድ?» እያሉ ያስፈቅዱኝ ነበር። የክፍል ጓደኞቼ ወደ አምስተኛ ሲያልፉ በመስኮት ያዩኛል። መጀመሪያ ሰሞን ይስቁ ነበር፤ በኋላ ማየቱንም ተዉት።

ቲቸር አስካለ ሰሌዳውን በአርጩሜ ነክታ «ሀ!» ስትል ስድሳው ልጅ «ሀ!» ይላል። ባንቻየሁ ዞር ዞር እያለች የልጆቹን አፍ ታያለች። «ሁ!» ሲሉ ያ ሁሉ ከንፈር ሲሾል አይታ በሳቅ ፈረሰች። ጨዋታ መስሏት እሷም ከንፈሯን አሾለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ በእጇ «ምንድን ነው?» አለችኝ።

ምን ልበላት? ላምን በቀንዷ አሳያታለሁ፣ ዝናብን በጣቶቼ አወርድላታለሁ። ሀ ምንድን ነው? ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ሀን ስል ኖሬአለሁ፤ ምን እንደሆነ አለማወቄን ግን ያን ቀን ነው ያወቅሁት። ትከሻዬን ሰበቅሁላት።

ቅርጹን ግን ከሁሉም ልጅ አሳምራ ትገለብጣለች። የሁን ቅጥያ፣ የሂን እግር፣ የሄን ቀለበት፣ አንዱን ከአንዱ አታምታታም። ቲቸር አስካለ ደብተሩን ከፍ አድርጋ ለልጆቹ «እንደዚህ ጻፉ!» ትላለች። እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው፤ ባንቻየሁ ፊደሉን የምትገለብጠው የሰፌድ ጥለት እንደምትገለብጠው ነበር።

ሦስቱ ቀን አለፈ፤ ሳምንቱም አለፈ። የትምህርት ቤቱን ዘበኛ አያ ጫኔን በር ላይ አግኝቼ ጠየቅኋቸው። አያ ጫኔ ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ በብረት እየመቱ የሚደውሉ ሽማግሌ ናቸው።

«አያ ጫኔ፣ ለጊዜው ማለት ስንት ቀን ነው?»

ሳቁ። «እኔን ለጊዜው ዘብ ቁም ካሉኝ አሥራ አራተኛ ዓመቴ ነው ልጄ።»

ቀልድ መሆኑ አልገባኝም። በዕድሜዬ ላይ አሥራ አራት ደምሬ ሃያ አምስት መጣብኝ። ሃያ አምስት ዓመት ሆኖኝ ጉልበቴን አገጬ ሥር አድርጌ «ሀ ሁ» ስል ታየኝና ከሽንት ቤቱ ጀርባ ሄጄ አለቀስኩ። አያ ጫኔ ሳያዩኝ አልቀሩም። እስከዚያ ቀን ድረስ ዕረፍት ሲያበቃ ግቢውን ዞሬ ባንቻየሁን ፈልጌ የማመጣት እኔ ነበርኩ፤ ደወሉ አይሰማትማ። ከማግስቱ ጀምሮ አያ ጫኔ ቸርኬውን ከመቱ በኋላ ነጠላቸውን አውልቀው ከፍ አድርገው ያውለበልቡ ጀመር። ባንቻየሁ ነጭ ጨርቅ ስታይ ትሮጣለች።

«ከሥራሽ አንዷን ወስጄልሻለሁ» አሉኝ። በዚያ ዓመት ከእኔ ላይ አንድ ነገር ያነሱልኝ እሳቸው ብቻ ናቸው።

ጥቅምት ሲያልቅ ስሟን ለብቻዋ ላስተምራት ጀመርኩ። ቲቸር አስካለ ገና ወደ መ እየሄደች ነው፤ እኔ ግን እማዬ የፈለገችው ስሟን ስለሆነ፣ ስሟን ከጻፈች እፈታለሁ ብዬ አስቤ ነበር። ባ፣ ን፣ ቻ፣ የ፣ ሁ። አምስት ናቸው። እጇን ዘርግቼ በአውራ ጣቷ ባን፣ በጠቋሚዋ ንን፣ እንዲያ እንዲያ እስከ ትንሿ ጣቷ አንድ አንድ ፊደል ሰጠኋት። ከዚያ አምስቱንም ጣቶች አጥፌ ጡጫ አድርጌ ደረቷን መታሁላት። አንቺ። ደጋግሜ አንድ አሥር ቀን ያህል ይህንኑ አደረግሁ። አልገባትም፤ እጄን እየገፋች ትሄዳለች።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስንመለስ መንገድ ላይ ቆመች። አቧራው ላይ በጣቷ አምስቱን ጻፈች። ቀና ብላ አየችኝ፣ አምስት ጣቷን ዘረጋች፣ ጨበጠች፣ ደረቷን መታች። እኔ አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። ደግማ መታች። ደግሜ ነቀነቅሁ። ፊቷ ላይ የሆነውን ነገር መናገር አልችልም። ከዚያ እስከ ቤት ድረስ በየአሥር እርምጃው እየተቀመጠች ጻፈች፤ ብርድ እስኪመታን መንገድ ላይ አመሸን።

ከዚያ በኋላ ስሟ ያልተጻፈበት ነገር አልቀረም። ጄሪካኑ ላይ በከሰል፣ ድንጋይ ላይ በድንጋይ፣ የቤታችን ግድግዳ ላይ በምስማር። እማዬ ግድግዳው ላይ ያለውን አይታ ጠራችኝ።

«ምን ይላል?»

«ባንቻየሁ።»

ፊደል አታውቅም እማዬ። ጣቷን በፊደሎቹ ሥር ቀስ አድርጋ አሳለፈች፤ እንዳይጠፋ የፈራች ይመስላል። «ከእንግዲህ ብትጠፋም ትገኛለች» አለች።

ተፈታሁ ብዬ አሰብኩ። «እማዬ፣ እንግዲህ አምስተኛ ልግባ?» አልኳት።

«አሁን ጀመረች እኮ» አለች። «ሰው በጀመረበት ይተዋል እንዴ?» ልክ ነበረች። ልክ መሆኗ ነው ያደከመኝ።

ኅዳርና ታኅሣሥ እንዲህ አለፉ። ጠዋት ውኃ ቀድቼ፣ ባንቻየሁን አስነስቼ እንሄዳለን። ክፍል ውስጥ ቲቸር አስካለ የምትለውን ሁሉ ወደ እጅ እለውጣለሁ፤ የማይለወጠውን እኔ እፈጥራለሁ። ከሰዓት ቤት ገብቼ እንጨት እለቅማለሁ። ማታ ክንዴ ይዝላል። አንድ ቅዳሜ ከድሮ ክፍል ጓደኛዬ የሒሳብ ደብተሯን ተውሼ አየሁ። ቁጥር ከላይ፣ ቁጥር ከታች፣ መሐላቸው መስመር። ምን እንደሆነ አላውቅም። «ክፍልፋይ ነው፣ ቀላል ነው» አለችኝ። ከእኔ በታች ትወጣ የነበረች ልጅ ናት። ደብተሩን ዘግቼ መለስኩላት።

የመጀመሪያው መንፈቅ ፈተና ጥር ላይ ነበር። ከፈተናው በፊት ዲሬክተሩ እማዬን «ጥሩ ውጤት ካመጣች ካርዷን አያይዤ ለደብረ ታቦሩ ክፍል ደብዳቤ እጽፍላታለሁ» አላት። ይህን ስሰማ ልቤ ዘለለ። ባንቻየሁ ደብረ ታቦር ከገባች እኔ ነፃ ነኝ ማለት ነው።

ፈተናው ዕለት እንደተለመደው አጠገቧ ተቀመጥኩ፤ ላስረዳት ነው የተፈቀደልኝ። ቲቸር አስካለ ቃላቱን ጮክ ብላ ታነባለች፣ ልጆቹ ይጽፋሉ። ባንቻየሁ ስሟን ጽፋ እርሳሱን አስቀመጠች። እሷ የጨረሰች መስሏታል። እርሳሱን አነሳሁና የቀረውን እኔ ጻፍኩ። እንዳያስታውቅ ሁለት ሦስቱን ሆን ብዬ ሳትኩ፤ የእሷን የመሰለ ክብ ክብ ጽሕፈት ለመጻፍ ተጨነቅሁ። ባንቻየሁ እጄን ታያለች። ቲቸር አስካለ በአጠገባችን ስታልፍ ቆም አለች፤ ከዚያ ሄደች። ያወቀች ይመስለኛል። እሷም ስድሳ ደብተር ስታርም የምታድር ሰው ናት፤ ጉልበቱ ያልነበራት ይመስለኛል።

ባንቻየሁ ሦስተኛ ወጣች። አባዬ ካርዱን ይዞ ለጎረቤቱ ሁሉ አሳየ። ያን ቀን ማንም «ዱዳዋ» አላላትም። እኔ ምግብ አልበላልሽ አለኝ።

የካቲት ውስጥ አንድ ዓርብ ማለዳ ሦስታችን ወደ ደብረ ታቦር ተነሣን። ክፍሉ አንድ ትምህርት ቤት ግቢ ዳር ነው፤ በሩ ላይ «ልዩ ፍላጎት» ተብሎ ተጽፏል። ስንገባ ድምፅ የለም። ግን እንደዚያ የሚንጫጫ ክፍል አይቼ አላውቅም። ትልቅም ትንሽም፣ አሥራ አምስት የሚሆኑ ልጆች እርስ በርሳቸው በእጃቸው ያወራሉ፤ አንዱ የሌላውን ወሬ ያቋርጣል፣ አንዲቷ ከኋላ ሆና ጓደኛዋን ታማለች፣ ሌላው ይቆጣል። እኔና ባንቻየሁ በዓመታት የሰበሰብነው የእጅ ቃል ሁሉ እዚያ በአንድ ትንፋሽ ያልቃል። ባንቻየሁ የእማዬን ቀሚስ ይዛ ከኋላዋ ተደበቀች፤ ዓይኗ ብቻ ይታያል።

አስተማሪው ወጣት ነው፤ በአፉ ሲናገር እንኳ እጁ አያርፍም። ካርዱን አይቶ ለባንቻየሁ ወረቀት ሰጣት። ወረቀቱ ላይ አራት ሥዕል አለ፤ ላም፣ ቤት፣ ጀበና፣ ፀሐይ። ከየሥዕሉ ሥር ባዶ መስመር። በጣቱ ላሟን አሳይቶ እርሳስ ሰጣት።

ባንቻየሁ ተቀምጣ ደስ ብሏት ጻፈች። ላሟ ሥር «ባንቻየሁ»። ቤቱ ሥር «ባንቻየሁ»። ጀበናው ሥር «ባንቻየሁ»። ፀሐይዋ ሥር «ባንቻየሁ»። ጨርሳ ወረቀቱን በሁለት እጇ ሰጠችው።

አስተማሪው ወረቀቱን አየ፣ ካርዱን አየ። ከዚያ እኔን አየኝ።

«አጠገቧ የምትቀመጪው አንቺ ነሽ?»

«አዎ።»

«ስንተኛ ክፍል ነሽ?»

«አምስተኛ» አልኩ። ቆየሁና «አንደኛ» አልኩ።

ይቆጣኛል ብዬ ጠበቅሁ። «ደክሞሻል» አለኝ። ያን ዓመት ሙሉ ይህን ቃል የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ እንባዬ መጣ። እማዬ ስለ ረጅሙ መንገድ መሰላት።

«ካርዱ ግድ የለም» አላት እማዬን። «ልጅቱ ብልህ ናት፤ ዓይኗ ይናገራል። እኔ ዛሬውኑ እቀበላታለሁ። ማን ጋ ትኖራለች?»

«እዚህ አታድርም?»

«ማደሪያ የለንም እናቴ። ዘመድ ያላቸው ዘመድ ጋ ይቀመጣሉ። ከእህት ከወንድማቸው ጋር ቤት ተከራይተው የሚማሩም አሉ።»

እማዬ እኔን አየችኝ። ከዚያ ወደ ውጭ አየች። «እኒህን ሁለት ሴት ልጆች ብቻቸውን ከተማ ጥዬ እንቅልፍ ይወስደኛል?» አለች፤ ለአስተማሪው ይሁን ለራሷ እንጃ። አስተማሪውም አልተከራከራትም። ብዙ እናቶች እንዲህ ሲሉት የሰማ ሰው ፊት ነበረው።

እነሱ ይህን ሲነጋገሩ አንዲት ሹሩባ የተሠራች ልጅ መጥታ ለባንቻየሁ በእጇ አንድ ነገር አለቻት። ባንቻየሁ አልገባትም፤ ግን መልስ መስጠት ፈለገች መሰለኝ፣ ሁለት ጣቷን ግንባሯ ላይ አድርጋ ቀንድ አወጣች። ልጅቷ ሳቀችና የእነሱን ላም አሳየቻት። ባንቻየሁ ደገመችላት። ቀጥሎ ቤት። ቀጥሎ እናት። አንድ ላይ ሲስቁ አየኋቸው። ከእኔ ሌላ ሰው ጋር ስታወራ ሳያት የመጀመሪያዬ ነበር።

እንሂድ ስንላት የበሩን መቃን ያዘች። እማዬ ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቀቀች። ባንቻየሁ ጮኸች። ጩኸቷን እሷ ስለማትሰማው ልክ የለውም፤ ግቢው ሁሉ ዞሮ አየን። እነዚያ ልጆች ብቻ ናቸው ያልሰሙት፤ እነሱ ፊቷን እያዩ እጃቸውን አሳረፉ።

ወደ አገራችን የሚወስደው ዳገት ወገቡ ላይ እማዬ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። «ደከመኝ» አለች። እናቴ ደከመኝ ስትል ሰምቼ አላውቅም።

«እማዬ፣» አልኳት፣ «ልዩ ፍላጎቷ ምን እንደሆነ ለምን አልጠየቋትም?»

ምን ማለቴ እንደሆነ እስኪገባት ቆየች። «ምኑ ነው ልዩ?» አለች። «ሰው ሁሉ የሚፈልገውን ነው የፈለገችው።»

ከዚያ ወዲያ እስከ ሰኔ ድረስ አንደኛ ክፍል ተቀመጥን። እኔ ግን ሌላ ሰው ሆንኩ። ባንቻየሁ ክንዴን ጎትታ «ምን አለች?» ስትለኝ «ምንም» እላታለሁ። ብርድ የበረደኝ መስዬ እጄን ነጠላዬ ውስጥ እከታለሁ። እሷ የቲቸር አስካለን አፍ ታያለች፣ የእኔን ነጠላ ታያለች፣ ከዚያ ደብተሯ ላይ ስሟን ትጽፋለች። አንዳንዴ ገጹ እስኪሞላ።

መስከረም ጠባ፣ ደግሞ ዲሬክተሩ ፊት ቆምን። ባንቻየሁ አዲስ የተገዛላትን ሰማያዊ ሹራብ ለብሳለች።

«እንዳምናው እህቷ አጠገቧ ከሆነች ሁለተኛ እንመዘግባታለን» አለ ዲሬክተሩ።

እማዬ ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ ምን ትያለሽ?»

ከዚያ በፊት ጠይቃኝ አታውቅም። ባትጠይቀኝ ኖሮ የምቀመጥ ይመስለኛል። «አልቀመጥም» አልኩ። ድምፄ ካሰብኩት በላይ ጮኸ። ቲቸር አስካለ ጥግ ላይ ነበረች፤ አጎንብሳ ጠመኔዋን ማስተካከል ቀጠለች።

እማዬ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። «እንግዲያው ስሟን ትጽፋለች» አለች ለዲሬክተሩ። «የፈለግሁት እሱን ነበር፤ አግኝቻለሁ። እግዜር ይስጥልን።» የባንቻየሁን እጅ ይዛ ወጣች። እኔ በዚያው አምስተኛ ክፍል ገባሁ።

በማግስቱ ጠዋት ስነሣ ባንቻየሁ ፊቷን ታጥባ፣ ሰማያዊ ሹራቧን ለብሳ በር ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። ምን እንደምላት ጨነቀኝ። በእጃችን ቋንቋ «ከእንግዲህ» የሚል ቃል አልነበረንም። የነበረን ቅዳሜና እሑድ፣ የበዓል ቀንም የምንጠቀምበት ነው፤ ሁለት ባዶ መዳፍ ማሳየት። ዛሬ ትምህርት የለም ማለት ነው። እሱን አሳየኋት። አመነችኝ። ሹራቧን አውልቃ አጥፋ አስቀመጠች።

በማግስቱም ለብሳ ቆመች። በማግስቱም መዳፌን አሳየኋት። ደብተሬን እንዳታይብኝ ማታውኑ ውጭ የጭድ ክምር ሥር ደብቄ አድራለሁ፤ ጠዋት ውኃ ልቀዳ እንደሚሄድ ሰው ጄሪካን ይዤ ወጥቼ፣ ጄሪካኑን እዚያ ትቼ ደብተሬን ይዤ እሮጣለሁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ እንዲህ አደረግሁ። ክፍል ውስጥ አንዱ አስተማሪ ወጥቶ ሌላው እስኪገባ ያለችው ጊዜ ያቺው ናት፤ ልጆቹ ይጮሃሉ፣ እኔ አግዳሚው ላይ ግንባሬን ደፍቼ እተኛለሁ።

አንድ ሰኞ ጠዋት ጄሪካኔን ይዤ ስወጣ ባንቻየሁ በር ላይ የለችም። የጭዱ ክምር ጋ ስደርስ እዚያ ቆማለች። ሹራቡን አልለበሰችም፤ የቤት ቀሚሷን ነው የለበሰችው። ብብቷ ሥር ደብተሮቼን ይዛለች፣ ጭዱን አራግፋላቸዋለች። እጄን ላነሳ ስል ቀደመችኝ። ሁለት መዳፏን ከፍታ አሳየችኝ። ከዚያ ወደ ራሷ አመለከተች፤ ትምህርት የሌለው ለእሷ ነው።

ደብተሮቹን ሰጠችኝ፤ ጄሪካኑን ከእጄ ወስዳ ወደ ውኃው ወረደች። የምላት ቃል አልነበረንም። አርፍጄ ስለነበር ሮጥኩ።